መኮሮኒ በአይብ፤ ለቤተ ሰብ የሚሆን አሠራርና የንጽሕና ጥንቃቄው

በሲሪንቃና በመርሳ፣ እንደዚሁም በወልድያ ከተማ በብዙ ቤቶች መኮሮኒ ከሳምንቱ ምግቦች አንዱ ሆኗል። ቶሎ ይደርሳል፤ ሕፃናት ይወዱታል፤ ጤፍ በተወደደ ጊዜም መሶቡን ያግዛል። ሆኖም በአብዛኛው ቤት የሚቀርበው በዘይትና በቲማቲም ቁሌት ብቻ ስለ ሆነ፣ ሆድ ከመሙላት አልፎ ለሚያድግ ልጅ ሰውነት የሚበቃ ነገር በውስጡ ጥቂት ነው። በዚህ ጽሑፍ ይህንኑ መኮሮኒ ከወተትና ከአይብ ጋራ ለስድስት ሰው ቤተ ሰብ በቀላሉ እንዴት ማዘጋጀት እንደሚቻል እንገልጻለን። ከአሠራሩ ይልቅ ግን ረዘም አድርገን የምንናገረው ስለ ሁለት ነገር ነው፤ ይኸውም ስለ ጥሬ ወተትና ስላደረ መኮሮኒ ነው። ልጅን የሚያሳድገው ይኸው ምግብ በቸልታ ሲያዝ ልጅን ለሞት የሚያደርስ ሊሆን ይችላልና።

መኮሮኒ በአገራችን በሰፊው የተለመደው ከጣልያን ወረራ ዘመን፣ ማለት ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. ከነበረው ጊዜ ወዲህ ነው። ወራሪው ሄደ፤ ስሙና ምግቡ ግን ቀረ። ፎርማጆ፣ ፎርኖ፣ ፓስታ የሚሉት ቃላት ሁሉ የዚያ ዘመን ቅሬታዎች ናቸው። ስንዴው ግን ለእኛ እንግዳ አይደለም። መኮሮኒ የሚሠራው ዱረም ከተባለው ጠንካራ የስንዴ ዐይነት ሲሆን፣ ይህ ስንዴ በደጋው አገራችን ከጥንት ጀምሮ ሲዘራ የኖረ ነው። ሩሲያዊው የዕፀዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ እ.ኤ.አ. በ1927 ወደ ኢትዮጵያ መጥቶ ዘር በሰበሰበ ጊዜ፣ የዱረም ስንዴያችን የዐይነቱ ብዛት እጅግ አስደንቆታል። እንግዲህ መኮሮኒን የባዕድ ምግብ ነው ብሎ የሚንቅ ሰው ካለ፣ የሚንቀው የገዛ አያቶቹን እህል መሆኑን ይወቅ።

መኮሮኒን ከአይብ ጋራ መብላትም የቆየ ልማድ ነው። የአሜሪካው ፕሬዚዳንት ቶማስ ጄፈርሰን እ.ኤ.አ. በ1802 ለእንግዶቹ መኮሮኒ አቅርቦ እንደ ነበረ በዚያው ግብዣ የተገኘ አንድ የምክር ቤት ሰው በማስታወሻው ጽፏል፤ እንግዳው ግን እንዳልጣፈጠው አልደበቀም። በዚያ ዘመን የባለጠጎች ማዕድ የነበረው ይህ ምግብ ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ የድኻ ቤት ምግብ ሆነ። እ.ኤ.አ. በ1937፣ በኢኮኖሚ ጭንቅ ዘመን፣ ክራፍት የተባለው ኩባንያ መኮሮኒና የአይብ ዱቄት በአንድ ሣጥን አሽጎ በ19 ሳንቲም ለአራት ሰው የሚበቃ ምግብ ብሎ ሸጠ። እኛም በባሕር ማዶ በትምህርት ላይ ሳለን ይህን ምግብ ደጋግመን በልተናል። ደማቅ ብጫ መልኩን ያየ ሰው ቅቤ የበዛበት ይመስለዋል፤ ነገር ግን መልኩ ብዙ ጊዜ የሚመጣው አናቶ ከሚባል የዛፍ ፍሬ ቀለም ነው። ነጩ አይባችን በዚህ አያፍርም።

ስለ ጥቅሙ ጥቂት እንበል። በግማሽ ኪሎ ደረቅ መኮሮኒ ውስጥ 60 ግራም ያህል ሰውነት ገንቢ የሆነው ፕሮቲን ይገኛል። ይሁን እንጂ የስንዴ ፕሮቲን ላይሲን የተባለው ክፍል ስለሚያንሰው ብቻውን ሲበላ ሰውነት በሙሉ አይጠቀምበትም። ወተትና አይብ ደግሞ በዚሁ በላይሲን የበለጸጉ ናቸው፤ ስለዚህ ሁለቱ በአንድ ሳሕን ሲገናኙ አንዱ የሌላውን ጉድለት ይሞላል። 400 ግራም በደንብ የተጨመቀ አይብ 50 ግራም ያህል፣ ግማሽ ሊትር ወተት ደግሞ 16 ግራም ያህል ፕሮቲን ይጨምራሉ። ይህ ሁሉ ለስድስት ሰው ሲካፈል ለእያንዳንዱ 20 ግራም ያህል ይደርሳል። በአሜሪካ የምግብ ሊቃውንት መለኪያ ከ4 እስከ 8 ዓመት ላለ ልጅ በቀን ይበቃል የሚባለው 19 ግራም መሆኑን ስናስብ፣ አንድ የራት ሳሕን ምን ያህል እንደሚረዳ ይታያል።

አሁን ወደ ወተቱ እንምጣ። በአገራችን ልማድ ወተቱ ታልቦ ሁለት ሦስት ቀን ይረጋል፤ ከዚያም ይናጣል፤ ቅቤው ከወጣ በኋላ የቀረው አሬራ በለስላሳ እሳት ይሞቅና አይቡ ከአጓቱ ይለያል። ይህ ሙቀት ብዙ ጊዜ ከ40 እስከ 50 ዲግሪ ብቻ የሚደርስ ነው። በፈረንሳዊው ሊቅ በሉዊ ፓስተር ስም የተጠራው ወተትን የማጥራት ዘዴ ግን 63 ዲግሪ ሙቀት ለ30 ደቂቃ፣ ወይም 72 ዲግሪ ለ15 ሴኮንድ ይጠይቃል። ስለዚህ አይብ እሳት የነካው ቢሆንም የተቀቀለ ነው ማለት አይደለም። ኮምጣጣነቱ የብዙ ረቂቅ ተሕዋስያንን መራባት ያዘገያል፤ ሁሉን ግን አይገድልም።

በጥሬ ወተት ከሚተላለፉት በሽታዎች ዋነኞቹ የከብት ሳንባ ነቀርሳና ላሞችን የሚያስወርደው ብሩሴሎሲስ ናቸው። የከብት ነቀርሳ በሰው ላይ ሲደርስ ሳንባን ብቻ ሳይሆን የአንገትን ዕጢና አንጀትንም ይይዛል። ብሩሴሎሲስ ደግሞ የሚመላለስ ትኩሳት፣ የሌሊት ላብ፣ የመገጣጠሚያና የወገብ ሕመም ያመጣል፤ ሳይታወቅም ለወራት ይቆያል። የእኛ አካባቢ የወባ አገር ስለ ሆነ፣ እንዲህ ያለው ሕመምተኛ ወባ ነው ብሎ ራሱን አታልሎ ከቤት ሊቀመጥ ይችላል። ትኩሳቱ የወባ መድኃኒት ተወስዶለት የሚመላለስ ሰው ወደ ጤና ጣቢያ ሲመጣ፣ ጥሬ ወተት ወይም ጥሬ አይብ የሚመገብ መሆኑን ሳይጠየቅ ቢቀር እንኳ ራሱ ሊናገር ይገባዋል።

የወይራ ጢስ ስለሚያደርገው ነገር ብዙ ጊዜ እንጠየቃለን። እናቶቻችን ቅሉንና መናጫውን በወይራ ማጠናቸው መልካም ልማድ ነው፤ ሽታውን ያሳምራል፤ በዕቃው ውስጥ የቀሩትንም ተሕዋስያን በመጠኑ ያዳክማል። ነገር ግን ዕቃውን ያጥናል እንጂ ላሟን አያክምም፤ ከጡቷ ከወተቱ ጋራ የመጣው በሽታ በጢስ አይጠፋም። መድኃኒቱ ማፍላት ብቻ ነው።

ይህን ለመፈጸም ሁለት መንገድ አለ። አይቡ ከገበያ የተገዛ ወይም በተለመደው መንገድ በቤት የወጣ ከሆነ፣ ወጡ ውስጥ ገብቶ እንዲፈላ ማድረግ ነው፤ ይህንንም ከዚህ በታች በአሠራሩ እናሳያለን። ሁለተኛውና እኛ የምንመርጠው መንገድ ግን አይቡን ከፈላ ወተት በሎሚ ማውጣት ነው። ሁለት ሊትር ትኩስ ወተት በንጹሕ ድስት ጥዶ እያማሰሉ ማፍላት፤ ገንፍሎ ሊወጣ ሲል ከእሳት አውጥቶ ከሦስት እስከ አራት የሾርባ ማንኪያ የሎሚ ጭማቂ ቀስ እያሉ መጨመር ነው። ወተቱ ወዲያው ይቆረጣል፤ አጓቱም ብጫማ አረንጓዴ ሆኖ ይጠራል። ሳይጠራ ከቀረ ጥቂት ሎሚ ይጨመርበታል። ከዚያ በኋላ በፈላ ውኃ በታጠበ ነጭ ነጠላ ጨርቅ አጥልሎ መጭመቅ ነው። በእንዲህ ያለው መንገድ ከሁለት ሊትር ወተት ከ300 እስከ 400 ግራም አይብ ይገኛል። ቅቤው ስላልወጣለት ለልጆች ይበልጥ ኀይል ይሰጣል፤ እንደ አሬራ አይብም አይኮመጥጥም። በሕንድ አገር ፓኒር የሚባለው አይብ የሚወጣው በዚሁ ዘዴ ነው። አጓቱ አይደፋም፤ ለዳቦ ሊጥ ማቡኪያ እጅግ ተስማሚ ነው።

ከአዲስ አበባ ወይም ከደሴ ፎርማጆ የሚያስመጣ ሰው ቢኖር ፍቆ ሊጨምረው ይችላል፤ ግዴታ ግን አይደለም። የፎርማጆ መርጊያ ብዙ ጊዜ ከጥጃ ጨጓራ የሚወጣ ስለ ሆነ፣ ሙስሊም ወገኖቻችን አወጣጡን ሳያውቁ ለመብላት ሊቸገሩ ይችላሉ። አይብ በኮምጣጣና በሙቀት ብቻ የሚረጋ በመሆኑ ይህ ጥያቄ አይነሣበትም።

መኮሮኒውን በሚገዙበት ጊዜ የታሸገውን መምረጥ ይሻላል። በጆንያ ተከፍቶ ተሰፍሮ የሚሸጠው አቧራ፣ ነቀዝና የአይጥ ኩስ ሊያገኘው ይችላል። መልካም መኮሮኒ ሲሰበር ቀጭ ብሎ ይሰበራል፤ ሲቀቀልም ውኃውን እንደ አጥሚት አያጐፈንነውም።

አሠራሩ እንደሚከተለው ነው። እጅን በሳሙና ታጥቦ፣ አራት ሊትር ያህል ውኃ በሰፊ ድስት ጥዶ ማፍላት፤ አንድ የሾርባ ማንኪያ ጨው መጨመር፤ ውኃው ክፉኛ ሲንተከተክ ግማሽ ኪሎውን መኮሮኒ ከትቶ እንዳይጣበቅ ማማሰል ነው። ማገዶ ያጠረው ቤት በሦስት ሊትርም ሊሠራው ይችላል፤ ማማሰሉን ግን ያብዛ። በእሽጉ ላይ የተጻፈው ደቂቃ ለቆላና ለባሕር ዳርቻ አገር የተለካ መሆኑን አይርሱ። ውኃ በባሕር ወለል በ100 ዲግሪ ይፈላል፤ ሲሪንቃ ግን 1,850 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ስለ ሆነች እዚህ የሚፈላው በ94 ዲግሪ ገደማ ነው። ስለዚህ ሁለት ሦስት ደቂቃ መጨመር ያስፈልጋል። ወተት ማፍላትን በሚመለከት ግን ይህ ልዩነት የሚያሠጋ አይደለም፤ 94 ዲግሪ ለበሽታዎቹ ከበቂ በላይ ነው።

መኮሮኒው እየተቀቀለ ሳለ፣ በሌላ ድስት ሦስት የሾርባ ማንኪያ የተነጠረ ቅቤ አቅልጦ ሦስት ማንኪያ የስንዴ ዱቄት መጨመር፤ ዱቄቱ ሳይጠቁር አንድ ሁለት ደቂቃ በእንጨት ማማሰያ ማሸት። ከዚያ በኋላ ግማሽ ሊትር ወተት በመጀመሪያ ጠብ ጠብ እያደረጉ፣ ኋላም እያፈሰሱ መጨመርና ሳያቋርጡ ማማሰል ነው። ወተቱ በአንድ ጊዜ የተገለበጠ እንደ ሆነ ዱቄቱ ይጓጉላል። ወጡ ፈልቶ ማማሰያውን እስኪለብስ ድረስ አምስት ደቂቃ ያህል ይበስላል። አይቡ በወንፊት ተፈትጎ ይገባል፤ ጨውና ቁንዶ በርበሬ ይጨመራል። ሁሉም አንድ ላይ እየተንተከተከ ሁለት ደቂቃ መቆየት አለበት፤ ከላይ ስለ በሽታ የተናገርነው የሚፈጸመው በዚህች ሁለት ደቂቃ ነውና ማሳጠር አይገባም።

አይባችን እንደ ፎርማጆ አይቀልጥም፤ ክርም አይሠራም። በኮምጣጣ የረጋ አይብ እርስ በርሱ የሚያያይዘውን ካልሲየም በአብዛኛው ለአጓቱ ስለሚሰጥ፣ እሳት ሲነካው ይደርቃል እንጂ አይፈስም። በወንፊት መፈተጉ ያስፈለገው ስለዚህ ነው። የአሬራ አይብ ኮምጣጣ ስለ ሆነ ወተቱን ጥቂት ሊቆርጠው ይችላል፤ ዱቄቱ ይህን በብዙ ይከላከላል። ጥቂት ቢሸካከርም ተበላሸ ተብሎ መደፋት የለበትም። ከላይ እንደ ወደዱ ቆስጣ ወይም ጎመን ቀቅሎና ከትፎ፣ ወይም ካሮት ፍቆ መጨመር ለዐይን ጤና የሚጠቅመውን ቫይታሚን ኤ ያበዛል። ፎርኖ ያለው ቤት የደረቀ ዳቦ ፈትፍቶ ከላይ ነስንሶ ጥቂት ቢያጋግረው ያምራል፤ ፎርኖ የሌለውም ምንም አልጐደለበትም።

እዚህ ላይ በብዙ ቤት የሚደረግ አንድ ስሕተት አለ። መኮሮኒው ከበሰለ በኋላ በማጥለያ ተንጠፍጥፎ፣ እንዳይጣበቅ ተብሎ በቀዝቃዛ ውኃ ይታጠባል። በፈላ ውኃ ውስጥ አሥር ደቂቃ ቆይቶ ከተሕዋስያን የጸዳውን ምግብ ካልፈላ ውኃ ጋራ መልሶ ማገናኘት፣ ለተቅማጥ በገዛ እጅ በር መክፈት ነው። ይልቁንም ክረምት ሲገባ የምንጩና የወንዙ ውኃ ጐርፍ ያዘለውን ሁሉ ይዞ ስለሚመጣ አደጋው ያይላል። መታጠቡ ለጣዕምም አይረዳም፤ መኮሮኒውን የሸፈነው ስታርች ሲታጠብ ወጡ አይዘውም። ትኩሱን መኮሮኒ አንጠፍጥፎ ወዲያው ከትኩሱ ወጥ ጋራ ማዋሐድ ነው፤ በዚህ ሁኔታ ፈጽሞ አይጣበቅም።

ስላደረ መኮሮኒ የምንለው ደግሞ ይህ ነው። ባሲለስ ሴሬስ የተባለ ረቂቅ ተሕዋሲ በአፈርና በአቧራ፣ በእህልም ላይ ይኖራል። ዘሩ በመቀቀል አይሞትም። ምግቡ በርዶ ለብ ባለ ስፍራ ሲቀመጥ ዘሩ ነቅቶ ይራባል፤ ሲራባም የሚያስታውክ መርዝ ያወጣል። ይህ መርዝ ከተፈጠረ በኋላ በ121 ዲግሪ ሙቀት እንኳ አይጠፋም፤ የእኛ ድስት ደግሞ 94 ዲግሪ ነው። ስለዚህ «ደኅና አድርጌ አሙቄዋለሁ» የሚለው ማስተማመኛ በዚህ ነገር አይሠራም። ሽታውም ጣዕሙም ላይለወጥ ይችላል።

ይህ ለማስፈራራት የተነገረ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2003 በቤልጅግ አገር በአንድ ቤት ዐርብ ቀን የፓስታ ሰላጣ ተሠራ፤ ቅዳሜ ለሽርሽር ተወስዶ ተበላ፤ የተረፈው በማቀዝቀዣ ተቀምጦ ሰኞ ማታ ለአምስት ልጆች ተሰጠ። ሁሉም አስታወከ፤ የሰባት ዓመቷ ልጅ በዚያው ሌሊት ሞተች። በኋላ ሲመረመር የቤቱ ማቀዝቀዣ 14 ዲግሪ ነበር፤ መሆን የሚገባው ግን ከ5 ዲግሪ በታች ነው። እነዚህ ሰዎች ማቀዝቀዣ ነበራቸው፤ ሐኪም ቤትም ቅርባቸው ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008ም በዚያው አገር አንድ የ20 ዓመት ተማሪ አምስት ቀን በወጥ ቤቱ የቆየ ስፓጌቲ አሙቆ በልቶ ሌሊቱን ሞቷል። እንዲህ ያለው ሞት ጥቂት ነው፤ ማስታወክና ተቅማጥ ግን ብዙ ነው፤ በምግብ እጥረት ለደከመ ሕፃን ደግሞ ተቅማጥ ቀላል ነገር አይደለም።

ስለዚህ መኮሮኒ በአይብ የሚሠራው ለአንድ ጊዜ ማዕድ በሚበቃ ልክ ነው። ለአንድ ሰው 80 ግራም ያህል ደረቅ መኮሮኒ ይበቃል፤ ግማሽ ኪሎው ለስድስት ሰው የተባለውም በዚህ ስሌት ነው። የተረፈ ቢኖር ከሁለት ሰዓት በላይ ሳይቆይ በዝርግ ሳሕን ተዘርግቶ በርዶ በደኅና ማቀዝቀዣ ይግባ፤ በማግስቱም ይበላ። ማቀዝቀዣ የሌለው ቤት፣ ወይም መብራት የሚጠፋበት፣ ማታ የተረፈውን ለነገ ብሎ አያሳድር። ምግብ መድፋት በእኛ ዘንድ ነውር መሆኑን እናውቃለን፤ ስለዚህም ነው አስቀድሞ መለካትን አጥብቀን የምንናገረው።

መምህራንን በተለይ የምናሳስበው ስለ ምሳ ዕቃ ነው። ጧት በአንድ ሰዓት በምሳ ዕቃ ታሽጎ በስድስት ሰዓት የሚከፈት መኮሮኒ አምስት ሰዓት ለብ ብሎ ቆይቷል፤ በክፍሉ መስኮት ሥር ፀሐይ ላይ ከተቀመጠም የባሰ ነው። እንዲህ ላለው ምሳ ዳቦ፣ ቆሎ፣ ድንች፣ የተቀቀለ እንቁላል ከነልጣጩ ይመረጣል። ወላጁ መኮሮኒ መስጠት ከፈለገ ትኩሱን እንደ ተንተከተከ፣ በፈላ ውኃ አስቀድሞ በሞቀ ሰፊ አፍ ባለው ፔርሙዝ ያድርገው፤ ሲከፈት እንፋሎት ካልወጣው አይበላ። በአንድ ክፍል ሁለት ሦስት ልጆች ከምሳ በኋላ ያስታወኩ እንደ ሆነ፣ መምህሩ የበሉትን ምግብ ዐይነትና ሰዓት ጽፎ፣ የተረፈውን ሳይደፋ ከልጆቹ ጋራ ወደ ጤና ጣቢያ ቢልክ ለሕክምናው እጅግ ይረዳል።

ስለ ጾም ቀን ደግሞ የሚጠይቁን አሉ። ረቡዕና ዐርብ፣ በዐቢይ ጾምም፣ ወተትና አይብ ስለማይበላ፣ ያንኑ መኮሮኒ በተከካ ምስር ወጥ ወይም በቀጭን ሽሮ ማዘጋጀት ይቻላል። ምስርና ሽምብራ ለስንዴ የሚያንሰውን ላይሲን እንደ ወተት ስለሚሞሉ የጾም መኮሮኒ በዚህ ረገድ ከፍስኩ ብዙ አያንስም። ለጾሙ መኮሮኒ ሁለት ብርጭቆ ክክ ምስር በቂ ነው፤ በቲማቲምና በሽንኩርት ቁሌት ፈርሶ እስኪወፍር ይበስላል። ከሰባት ዓመት በታች ያሉ ሕፃናት በልማድ ስለማይጾሙ፣ ለእነርሱ ከፈላ ወተት አንድ ኩባያ ለብቻ ይሰጣቸዋል። የማሳደሩ ክልከላ ግን ለጾሙም መኮሮኒ ያው ነው፤ ተሕዋሲው የሚራባው በስንዴው ላይ ነውና።